ቅዳሜ ዳኛ፣ እሑድ ሙሴ

አቶ ዱባለ ቅዳሜ ዳኛ፣ እሑድ ደግሞ የዕድር ሙሴ ነበሩ። የሚቀመጡበት ወንበር ግን አንድ ነው፤ ከአጣና ተራ በላይ ባለው ትልቅ ጽድ ሥር የሚወጣ፣ መደገፊያው የላላ የእንጨት ወንበር። ቅዳሜ ጠዋት በመንግሥት ሹመት አጥቢያ ዳኛ ሆነው ይቀመጡበትና የድንበር፣ የስድብ፣ የዶሮና የአጥር ክርክር ይሰማሉ። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩ ሰው የመረጣቸው የዕድር መሪ ሆነው እዚያው ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ ደግሞ ወሬው ማን እንደሞተ፣ ማን እንደታመመ፣ ድንኳኑ በየት በኩል እንደተቀደደ ነው።

ሁለቱንም ሥልጣን ያገኙት ለምነው አይደለም። ዳኝነቱ የተሰጣቸው ከእሳቸው በፊት የነበረው ዳኛ አርጅቶ ዐይኑ ስለደከመ ነው። ሙሴነቱን ደግሞ ሰዉ በግድ አሸከማቸው። ዕድሩን ሲመሩ የነበሩት አቶ ጉልላት ባረፉ ጊዜ "ከዱባለ የተሻለ ማን አለ?" ተባለ፤ እውነትም አልነበረም። አንድ ጊዜ ባለጉዳይ በግ አምጥቶ ደጃፋቸው ላይ አስሮ ቢሄድ፣ ራሳቸው እየጎተቱ እስከ አየር ጤና ወስደው መልሰውለታል። በጉ መንገድ ላይ አልሄድም ብሎ ሲተኛባቸው ዳኛው በትከሻቸው ተሸክመውት ሲያዘግሙ ያየ ሰው ሁሉ እስካሁን ያወራዋል።

እንዲያውም ሁለቱ ሥራ በአንድ ሰው እጅ መሆኑ ለሰፈሩ ምቾት ነበር። ለሐዘንም ለክርክርም የሚንኳኳው በር አንድ ነው። የዕድሩ ጸሐፊ ሰብስቤ፣ የሚስማርና የቆርቆሮ ነጋዴው፣ አንድ እሑድ ብቻ ነገሩን እንደ ቀልድ አንሥቶት ነበር።

"ጋሼ ዱባለ፣ ዕድሩ የተከሰሰ ቀን እንዴት ሊሆኑ ነው?"

"ዕድር ማን ይከሳል?"

"እንደው ቢከሰስ።"

"ቅዳሜ የቅዳሜን፣ እሑድ የእሑድን እሆናለሁ" አሉ አቶ ዱባለ። "የዳኝነት ካፖርቴን ሳወልቅ ሐሳቤንም አብሬ አወልቀዋለሁ።"

ሰዉ ሳቀ፤ ሰብስቤም ሳቀ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት በጥቅምት ወር፣ ባለጋሪው ገረሱ ከዕድሩ ተሰረዘ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ሦስት ቀብር ያለ ምክንያት በተከታታይ የቀረ ሰው ይሰረዛል። ገረሱ ሦስቱንም ቀርቷል። ነገሩን ያከፋው ደግሞ፣ እሱ ከቀብር በጠፋባቸው ቀኖች ጋሪዋ ከ18 ማዞሪያ ወደ ጦር ኃይሎች ስትመላለስ መታየቷ ነው። በፈረሱ ግንባር ላይ ቀይ ጨሌ ስላለ ጋሪዋን የማያውቃት የለም። አቶ ዱባለ ራሳቸው የወይዘሮ ወለተጻድቅን አስከሬን ተሸክመው ሲሄዱ በአጠገባቸው ስታልፍ አይተዋታል። በካፊያው ምክንያት ሸራዋ ወርዶ ስለነበር የነጂውን ፊት ግን አላዩም።

"ሰው አፈር ሲለብስ እሱ ሳንቲም ይለቅማል" አለ አንዱ በስብሰባው ላይ።

"ምናልባት ታሞ ይሆን?" አለ ባለሱቁ ኃይለመስቀል ከኋላ።

አቶ ዱባለ ጥቂት አሰቡ።

"የታመመ ሰው ጋሪ አይነዳም" አሉ። "ደግሞም ተበደልሁ የሚል ከሆነ ዳኛ አለ፤ ቅዳሜ ይምጣና ይክሰስ። እዚህ የምናየው ደንቡን ብቻ ነው።"

ጥሩ መልስ መሰላቸው። በዕድሩና በፍርዱ መካከል የማይጣስ ድንበር ያበጁ ያህል ተሰምቷቸው ነበር። ሰብስቤ አንገቱን ደፍቶ የገረሱን ስም ሰረዘ።

ገረሱ ግን ጋሪ ላይ ከወጣ ወራት አልፈዋል። በክረምቱ መካከል ጋሪዋ ጭቃ ላይ ተንሸራታ ተገልብጣበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሲያስለው ደም ይተፋል፤ ሰውነቱ እየመነመነ ሄዶ የጎን አጥንቱ ከሸሚዙ በላይ ይቆጠራል። ጋሪዋን የሚነዳት የሚስቱ የጉዲቱ ወንድም ነገሬ ነው፤ እህቱ ስትቸገር አይቶ ከሰበታ በኩል የመጣ፣ ሰፈሩን ገና ያልለመደ ልጅ። ጉዲቱ ይህን ሁሉ ለሰብስቤ ነግራዋለች። ቤቱ ከቤታቸው አጥር ለአጥር ነው። "ለሙሴው እነግርልሻለሁ" ብሏት ነበር።

ሐኪሙ ተስፋ እንደሌለው ለጉዲቱ ለብቻዋ ነግሯታል። ገረሱ ማንም ሳይነግረው ዐውቆታል። በሞቱ ላይ ብዙም አልተማረረም። መሰረዙን በሰማ ቀን ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ።

"እንግዲህ ማን ሊሸከመኝ ነው?" አላት ሲመሽ።

"ነገሬ አለ። ወንድሞቼም ይመጣሉ።"

"የሰበታ ሰው እስኪሰማ እኔ አልጠብቅም። ነገሬ ደግሞ ብቻውን ቃሬዛ አይሸከምም።" አንድ ጊዜ ሳለና "ጋሪዋ አለች አትይም?" አለ።

"እኔ አላልሁም።"

"ትዪዋለሽ። ሌላ ምን ይቀርሻል? በገዛ ጋሪዬ፣ እንደ አጣና ታስሬ ልሄድ ነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ተሸክሜያለሁ፣ ጉዲቱ። አጭር ስለሆንሁ ሁልጊዜ ከእግር በኩል ነበር የሚያቆሙኝ። የጉልላት ጫማ እንኳ እስካሁን ትከሻዬ ላይ ያለ ይመስለኛል።"

ጉዲቱ አላለቀሰችም። "ቅዳሜ እከሳለሁ" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ከጽዱ ሥር ስትቆም፣ አቶ ዱባለ ካፖርታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል።

"ማንን ነው የምትከሺው?"

"ዕድሩን፣ ጌታዬ።"

የቆመው ባለጉዳይ ሁሉ አጉረመረመ። አቶ ዱባለ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። ይህ ቀን ሊመጣ እንደሚችል አስበውበት ያውቃሉ፤ መልሱም አላቸው።

"እኔ ዛሬ ዳኛ ነኝ" አሉ። "ስለ ዕድሩ ልመልስ አልችልም። ሰብስቤ፣ አንተ ጸሐፊው ነህ፤ ቁምና መልስ።"

ሰብስቤ ቆመ። እዚያ የተገኘው ግን ለዕድሩ ጉዳይ አልነበረም። ከጎረቤቱ ከወልደሰንበት ጋር የድንበር ክርክር አለው፤ ፍርዱ ያን ጠዋት ለሚመጣው ቅዳሜ ተቀጥሯል፤ የሚፈርዱትም አቶ ዱባለ ናቸው።

"ባሌ ታሟል፣ ጌታዬ" አለች ጉዲቱ። "ጋሪዋን የሚነዳት ወንድሜ ነው። ሰው ልከው ያጣሩ።"

"ዕድሩ ምን ይላል?"

ሰብስቤ ጫማውን ተመለከተ። "የዕድሩ ቃል ሙሴው እሑድ የተናገሩት ነው። ከዚያ የምጨምረው የለኝም።"

"ሰው ይላክልኝ ትያለሽ" አሉ አቶ ዱባለ ወደ ጉዲቱ ዞረው። "ሄዶ ማየት የዕድሩ ሥራ ነበር። ዕድር አባሉን ከመሰረዙ በፊት ያጣራል። ዳኛ ደግሞ ዕድር ያጣራውን እንደገና ሲያጣራ ሊውል አይችልም።"

"አላጣሩም እኮ" አለች፤ ሰብስቤ እንደገባላት ቃል ለሙሴው የነገረላት ስለመሰላት ስሙን አላነሣችም።

"ሰብስቤ፣ አላጣራችሁም?"

"ሙሴው ያውቃሉ" አለ ሰብስቤ።

ከኋላ የቆመ አንድ ሰው ሳቁ አምልጦት በሳል ሸፈነው። አቶ ዱባለ አልሳቁም። ጉዳዩን እንደማንኛውም ጉዳይ በእርጋታ መዘኑትና የዕድሩ ውሳኔ እንዲጸና ፈረዱ። በልባቸው አንዳች ክፋት አልነበረም። ገረሱን አይጠሉትም፤ ከጉዲቱም ጋር ቂም የላቸውም።

"ቅር ካለሽ ለወረዳው ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ትችያለሽ" አሏት።

"ቀጠሮው ይርቃል?"

"እንደ ጉዳዩ ነው። ፋሲካንም ሊያልፍ ይችላል።"

"ገረሱ ፋሲካን አያይም" አለች ጉዲቱ፤ ወደ ዳርም ወጥታ ቆመች።

ሌላው ባለጉዳይ ሁሉ እስኪያልቅ እዚያው ቆየች። አቶ ዱባለ ካፖርታቸውን አውልቀው ጋቢያቸውን ደርበው ሲነሡ፣ ልትለምናቸው የመጣች መስላ ተጠጋች። ጎንበስ አለችና የነጠላዋን ጫፍ ከጋቢያቸው ጫፍ ጋር አጥብቃ ቋጠረችው።

"በሕግ አምላክ" አለች። "ከሳሽ እኔ፣ ተከሳሽ እርስዎ። ዳኛ ፊት ይውሰዱኝ።"

በድሮ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ የሚቀርቡት እንዲህ ነበር። ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፣ አንድ ላይ እየሄዱ፣ ሲመሽም አንድ ቤት እያደሩ ዳኛ ይፈልጋሉ። ሹም ካልተገኘ መንገደኛ ያስቆማሉ፤ የተጠየቀውም መንገደኛ ይዳኛል። ቋጠሮውን የበጠሰ ሕጉን እንደበጠሰ ይቆጠራል። ይህን ወግ በሰፈሩ ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት አቶ ዱባለ ራሳቸው ናቸው። አባታቸው በዚያ ዘመን ዳኛ ስለነበሩ፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሌሊቱን የሚያሳጥሩት ይህንኑ እያወሩ ነው። በሕግ አምላክ ተብሎ ረግጦ የሄደ ሰው እሳቸው ዘንድ ሳይቀጣ ቀርቶ አያውቅም።

"ጉዲቱ፣ ይህ ወግ እኮ ቀርቷል" አሉ። "ዛሬ የሚከሰስ ሰው በመጥሪያ ነው የሚጠራው።"

"መጥሪያውን የሚጽፈው ማነው?"

"እኔ።"

"ታዲያ ይጽፉልኛል?"

ካፖርታቸውን ከአንድ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ዳኛው እኔ ነኝ እኮ" አሉ።

"እርስዎማ ተከሳሹ ነዎት። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይላሉ። እርስዎ ንጉሥ አይደሉም፣ ጋሼ ዱባለ።"

ቋጠሮውን አዩት። በጣታቸው ቢስቡት ይፈታል። ሰው ሁሉ ያያቸዋል። "ነይ እንሂድ" አሉ።

ከአጣና ተራ ወደ ዋናው መንገድ ጎን ለጎን ወረዱ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር አንዱ ድንጋይ መርጦ ሲዘል ሌላውም አብሮ መዝለል ነበረበት።

"ጋሼ ዱባለ፣ ሚዜዎቹ የት ቀሩ?" አለ አንድ አጣና ሻጭ ከክምሩ ላይ።

"አፍህን ዝጋና መንገድ ልቀቅ" አለችው ጉዲቱ።

መጀመሪያ ያገኙት ኃይለመስቀልን ነበር። ሱቁ ደጃፍ ላይ በጠርሙስ ላምባ እየቀዳ ነው።

"ኃይለመስቀል፣ ዳኘን" አሉት አቶ ዱባለ።

ቋጠሮውን አየ፤ ላምባው እጁ ላይ ፈሰሰ። "እኔ የዕድሩ አባል አይደለሁ? የተከሰስሁት እኔም አይደለሁ እንዴ?"

"እውነቱን ነው" አለች ጉዲቱ። "ሌላ ሰው እንፈልግ።"

ትንሽ ዝቅ ብሎ ወልደሰንበት አጥሩን እየጠገነ ነበር፤ ከሰብስቤ ጋር የሚከራከርበትን አጥር። እሱ የሌላ ዕድር አባል ነው፤ ስለዚህ ለአቶ ዱባለ ጥሩ ዳኛ መሰላቸው። ወልደሰንበት መዶሻውን አስቀምጦ ጉዳዩን ከዳር እስከ ዳር ሰማ። ከዚያ ራሱን አከከ።

"ጌታዬ፣ የሚመጣው ቅዳሜ እርስዎ በእኔ ላይ ይፈርዳሉ። ዛሬ እኔ በእርስዎ ላይ ልፍረድ?"

"ፍረድ። አልቀየምህም።"

"አይቀየሙ ይሆናል። ለእርስዎ ብፈርድ ግን ሰብስቤ ጉቦ ሰጠ ይለኛል። በእርስዎ ላይ ብፈርድ ደግሞ እስከ ቅዳሜ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይተዉኝ፣ በሞቴ።"

አለፉ። ሌሎችም ጠየቁ። አንዱ የዕድሩ አባል ነው፤ አንዱ ክርክር አለው፤ አንዱ ክርክር የለውም፤ ግን አንድ ቀን ይኖረኝ ይሆናል ብሎ ይፈራል። የሰፈሩ ቄስ እንኳ "እኔ ለሁላችሁም እጸልያለሁ" ብለው በሩን ዘጉ። አቶ ዱባለ እስከዚያች ቀን ድረስ ራሳቸውን ሁለት ሸክም እንደተሸከመ አንድ ሰው ነበር የሚያዩት። አሁን ግን ከቤት ወደ ቤት ሲሄዱ፣ በዚያ ሁሉ ሰፈር እሳቸውን ሊዳኝ የሚችል አንድ ሰው እንደሌለ አዩ። እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ መውጣታቸውን አያውቁም ነበር። ደስም አላላቸውም።

"ደከመዎት?" አለቻቸው ጉዲቱ።

"አልደከመኝም። አንቺስ?"

"እኔ ቤቴ በሽተኛ ትቼ ነው የመጣሁት።"

እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ፌርማታው ላይ አንድ የማያውቁት ሰው አገኙ። ብብቱ ሥር ዶሮ ይዞ አውቶቡስ ይጠብቃል። ቦሩ ይባላል፤ ከሆለታ ማዶ መጥቶ መሀል ከተማ ወዳለ ዘመዱ የሚሄድ ገበሬ ነው። ከኮልፌ ሰው ማንንም አያውቅም፤ የሚያውቀውም የለም።

"መንገደኛ፣ በሕግ አምላክ ዳኘን" አሉት አቶ ዱባለ።

"እኔ?"

"አንተ።"

"አውቶቡሴ ሊመጣ ነው።"

"አናቆይህም።"

ቦሩ ዶሮዋን ወደ ሌላው ብብቱ አዛወረና ቆመ። ጉዲቱ ክሷን ተናገረች። አቶ ዱባለም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተከሳሽ ሆነው ቆመው መለሱ፤ ደንቡን፣ ሦስቱን ቀብር፣ በዐይናቸው ያዩዋትን ጋሪ አስረዱ። ድምፃቸው ከለመዱት ይልቅ ቀጭን ሆነባቸው።

"የሰረዘው ማነው?" አለ ቦሩ።

"የዕድሩ ሙሴ።"

"እሱ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እሷስ ለምን ወደ ዳኛ አልሄደችም?"

"ሄዳለች። ዳኛው የዕድሩን ውሳኔ አጸና።"

"ዳኛው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

ቦሩ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እሷን አየ። "እየቀለዳችሁብኝ ነው?"

"አንቀልድም" አለች ጉዲቱ።

አውቶቡሱ ከላይ በኩል ድምፁን እያሰማ መጣ። ቦሩ ቸኮለ። "ሦስት ቀብር ቀርቷል አይደል? በእኛም አገር ቢሆን ይወጣል። ይውጣ፤ ፈርጃለሁ" አለና ከነዶሮው ተሳፈረ።

አውቶቡሱ ሄደ። ጉዲቱ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን ፈታች። ሕግ ሕግ ነው፤ ዳኛ ፈለገች፣ ዳኛ አገኘች፣ ተረታች። ነጠላዋን አራግፋ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች።

አቶ ዱባለ እዚያው ፌርማታው ላይ ቀሩ። ረትተዋል። ሆኖም ያ ሰው የፈረደው ፍርድ እሳቸው ጠዋት የፈረዱት ሲሆን፣ ከሌላ አፍ ሲሰሙት አንድ ነገር የጎደለው መሰላቸው። ተከትለዋት ሄዱና ደረሱባት።

"ጉዲቱ፣ ያ ሰው፣ ገረሱ እውነት ታሟል ወይ ብሎ አልጠየቀም።"

"እርስዎም አልጠየቁም።"

"እኔማ …" አሉና አቆሙ።

እሑድ ሙሴ ሆነው ሳሉ፣ ስሕተት ካለ ዳኛው ያርመዋል ብለው ነበር። ቅዳሜ ዳኛ ሆነው ደግሞ፣ ሙሴው ሳያጣራ አልሰረዘም አሉ። ሙሴው በዳኛው ተማምኗል፤ ዳኛውም በሙሴው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ አንዱ ሌላውን "አይተኸዋል ወይ?" ይለው ነበር። አንድ ሰው ግን ራሱን እንዲህ ብሎ አይጠይቅም፤ ያመነውን አምኖ ያድራል።

"ላየው እችላለሁ?" አሉ።

"በሩ ክፍት ነው" አለች ጉዲቱ።

ገረሱ እንደገቡ ዐወቃቸው። ሊነሣ ሞከረና አልሆነለትም። ትከሻውን ባዩት ጊዜ፣ ያ የአቶ ጉልላትን ቃሬዛ የተሸከመ ትከሻ መሆኑን ለማመን ቸገራቸው።

"ዳኛ ናቸው ወይስ ሙሴ?" አለ ገረሱ ለሚስቱ።

"እንጃ። ራሳቸውን ጠይቃቸው።"

"ዛሬ ልጠይቅህ ብቻ ነው የመጣሁት" አሉ አቶ ዱባለ። ተቀመጡ። ያስለው ነበር፤ የሚተፋበትን ዕቃ ደግፈው ያዙለት። ሲወጡ በደጅ ነገሬ ፈረሱን ሲፈታ አገኙት። ቀዩ ጨሌ ግንባሩ ላይ ነበር። "እነዚያን ቀናት የነዳኸው አንተ ነህ?" አሉት። "አዎ፣ አባ" አላቸው።

በማግስቱ የዕድሩ ሰው ከጽዱ ሥር ሲሰበሰብ፣ አቶ ዱባለ ወንበሩ ላይ አልተቀመጡም። ከጎኑ ቆመው፣ ቅዳሜ የሆነውን ሁሉ ነገሩ። ከዚያ "ከዛሬ ጀምሮ ሙሴ አይደለሁም" አሉ።

"ምነው፣ አኮረፉ?" አለ አንዱ።

"አላኮረፍሁም።"

"ምን ያካብዳሉ?" አለ ኃይለመስቀል። "እርስዎ ሰረዙት፣ እርስዎ ይመልሱት። አንድ ቃል አይደል? ማን ይቃወምዎታል?"

"የምተወው ለዚህ ነው። ማንም አይቃወመኝም።"

"ታዲያ ዳኝነቱን አይተዉም?" አሉ አንድ ሽማግሌ። "እኛ የሰጠንዎትን ጥለው መንግሥት የሰጠዎትን ሊይዙ ነው?"

ይህ አሳመማቸው። ልባቸው ያለው ሙሴነቱ ላይ ነበር። ዳኛ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሣል፤ ሙሴ ሲያልፍ ግን "ግቡ፣ ቅመሱ" ይሉታል።

"ዳኝነቱን ልተው ብል ወረዳው ድረስ ማመልከት፣ ምትክ መጠበቅ አለ" አሉ። "ገረሱ ያን ያህል አይጠብቅም። ሙሴነቱን ግን አሁን፣ እዚሁ ቆሜ መተው እችላለሁ። የዕድር ክስም ሲመጣ ከእንግዲህ ሌላ ዳኛ እንዲያየው ለወረዳው አሳውቃለሁ። አሁን እናንተ ተነጋገሩ። እኔ አንድ አባል ነኝ።"

ሄደው አጣናው ላይ ከሌላው ሰው መካከል ተቀመጡ። ወንበሩ ባዶውን ቀረ። ሁሉም አንድ ላይ መናገር ጀመረ። የሰፈሩ ሰው ያን ያህል የሚናገረው እንዳለው ማንም አያውቅም ነበር።

"ቢታመምም ሰው ልኮ ማሳወቅ ነበረበት" አለ አንዱ። "ደንቡ ይህንንም ይላል።"

"ልኳል" አለ ሰብስቤ።

"ለማን?"

"ለእኔ።" ሰብስቤ ተነሥቶ ቆመ። "ጉዲቱ ነግራኛለች። ሳሉንም በአጥር እሰማዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልህ?"

"ጋሼ ዱባለ የታመመ ጋሪ አይነዳም ሲሉ፣ ሙሴውን ልቃወም አፌን ከፈትሁ። ዳኛው ትዝ አሉኝና ዘጋሁት።"

አቶ ዱባለ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። "ለድንበርህ ብዬ የምበቀልህ መሰለህ?"

"አልመሰለኝም" አለ ሰብስቤ። "ግን ቢሆንስ አልሁ።"

አቶ ዱባለ በጉን ተሸክመው አየር ጤና ድረስ የሄዱ ሰው ናቸው፤ ያም ቢሆን ለሰብስቤ ፍርሃት አልበቃም።

ክርክሩ እስከ እኩለ ቀን ዘለቀ። ጥቂቶች እስከ መጨረሻው አልተስማሙም፤ ደንብ ዛሬ ለገረሱ ከላላ ነገ ለሁሉም ይላላል አሉ። ቢሆንም እጅ ሲወጣ አብዛኛው ገረሱ እንዲመለስ ፈቀደ። ሰብስቤ መልእክት ስላስቀረ ተቀጣ፤ ሳያንገራግርም ተቀበለ። ለሙሴነት ኃይለመስቀል ተመረጠ። "ሱቄን ማን ይጠብቅልኛል?" እያለ ተነጫነጨ፤ ማንም አልሰማውም።

"ጋሼ ዱባለስ አይቀጡም?" አለ ያ አጣና ሻጭ ከዳር።

ኃይለመስቀል ወንበሩ ላይ ገና አልተደላደለም። አቶ ዱባለን ቀና ብሎ ለማየት ትንሽ ተቸገረ፤ ከዚያ ግን ተናገረ። "ገረሱን በተራ እንጠይቃለን። የመጀመሪያው ተራ የአቶ ዱባለ ነው። ዛሬውኑ ይሂዱ።"

"እሺ፣ ሙሴ" አሉ አቶ ዱባለ።

ገረሱ ዜናውን ከእሳቸው አፍ ሲሰማ ዐይኑን ጨፍኖ ቆየ። ጉዲቱ በሩ ላይ ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ታዲያ ቶሎ ሙት ማለታችሁ ነው?" አለ ገረሱ።

"ቶሎ አላልንም። በፈለግህ ጊዜ።"

"ከእግር በኩል አጭር ሰው አቁሙልኝ። ካልሆነ እንሸራተታለሁ።"

"እነግራለሁ።"

"ለማን ነው የሚነግሩት? ሙሴው ማነው አሁን?"

"ኃይለመስቀል ነው።"

"ዳኛውስ?"

"እኔ ነኝ።"

ገረሱ አሰበበት። "እንግዲያው ኃይለመስቀል ቢበድለኝ ወደ እርስዎ መምጣት እችላለሁ ማለት ነው።"

"ትችላለህ።"

"አልመጣም እንጂ" አለ ገረሱ። ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ስቦ ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ በሩ ዞሮ ተኛ። አቶ ዱባለም ተራቸው እስኪያልቅ አጠገቡ ተቀመጡ።